በሞተሩ ላይ ከመፍረድ በፊት የዘይት ፓምፑ ይለካ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ በከተማችን ጋራዦች ሥር እየሰደደ ስለመጣ አንድ ልማድ፣ ይኸውም የዘይት ግፊቱ የወረደ ሞተር ሁሉ ሳይለካ «አልቆለታል» ስለሚባልበት አሠራር፣ በአምዳችሁ ጥቂት እንድል እንድትፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጉዳዩን የማነሣው የሰው ወሬ ሰምቼ አይደለም። ባለፈው ግንቦት በገዛ እጄ ፈትቼ፣ ለክቼና አድሼ መልሼ የገጠምኩት አንድ የዘይት ፓምፕ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ሞተር መፍታት የጀመርኩት በ1970ዎቹ፣ በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ሳለሁ ነው። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተከፈተ እንደመሆኑ ወርክሾፑም፣ መለኪያዎቹም፣ የመምህራኑም አመል ከዚያው የተቀዳ ነበር፤ አንድ ተማሪ የፈታውን ዕቃ ሳይለካ «ደህና ነው» ወይም «አልቋል» ቢል ከሥራ ጠረጴዛው ያስነሡት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በፋብሪካ ጥገና፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም በግቢዬ በከፈትኳት ትንሽ ጋራዥ ስሠራ ይህ ትምህርት አብሮኝ ኖሯል።

መኪናዋ የ1970 እ.ኤ.አ. ምርት የሆነች ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ፣ 1608 ሲሲ ሞተር ያላት የስፖርት መኪና። ስሟ ለወጣት አንባቢዎች እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ማለት ይገባኛል። ይህ ዓይነት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በኖቬምበር 1966 እ.ኤ.አ. በቱሪን የመኪና ትርኢት ሲሆን፣ አካሉን የነደፈው ፒኒንፋሪና፣ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ላይ የተሸከመውን ሞተር የነደፈው ደግሞ ቀደም ሲል በፌራሪ ቤት የሠራው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። በዚያው ዓመት ለገበያ የቀረበችው ባለ አራት በሯ ፊያት 124 ለእኛ ይበልጥ ትቀርበናለች፤ ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተስማምተው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቶልያቲ ያመረቷት፣ በታክሲነት ስንት ዘመን ያገለገለችን ላዳ የተወለደችው ከእርሷ ነው። ስለዚህ ስፓይደሯ በባሕር ዳር ጎዳና ላይ ስትታይ ባዳ ብትመስልም ከላዳ ጋር የአክስት ልጅ ያህል ትዛመዳለች።

ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሟች ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ከአስመራ ገዝተው ራሳቸው እየነዱ ያመጧት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በእጃቸው ሲያጥቧት የኖሩ መኪና ናት። ከእርሳቸው ማለፍ በኋላ ልጃቸው አልፎ አልፎ በሐይቁ ዳር መንገድ ያንቀሳቅሳት ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ሲቆም ቀዩ የዘይት መብራት ይበራ ጀመር። የተወሰደችበት ጋራዥ፣ ስሙን ልጠቅስ አልፈልግም፣ መጀመሪያ ወፍራም ዘይት ሞላባት፤ መብራቱ አልጠፋ ሲል ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) አውርዶ ፓምፑን «አጸዳ»፤ አሁንም አልጠፋ ሲል ደግሞ የዘይት ቡልቦውን (ግፊት ሲወርድ መብራቱን የሚያበራውን መሣሪያ) ሽቦ ነቅሎ መብራቱን ዝም አሰኘው። በመጨረሻም ሞተሩ ሬክቲፊካ (ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ በማሽን መታደስ) መግባት አለበት፣ መለዋወጫው ግን አገር ውስጥ ስለማይገኝ ቢሸጡት ይሻላል የሚል ምክር ሰጥቶ መለሳት።

እናትየዋ ወደ እኔ ሲመጡ የነገሩኝ ከልቤ አልጠፋም። «ወንድሜ፣ ቆራሌው በኪሎ ሊገዛኝ መጥቶ ነበር፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ የምሸጥባቸው መሰለኝና መለስኩት። አንድ ጊዜ እርስዎም ይዩልኝና ካልሆነ ይቅር» አሉኝ። እኔም ሳልለካ መልስ እንደማልሰጣቸው ነግሬያቸው መኪናዋን በገመድ አስጎትቼ ወደ ግቢዬ አስገባሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የዘይት ፓምፕ ሥራው ዘይት መግፋት ነው፤ ግፊት የሚባለው ነገር የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት በክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) እና እርሱ በሚዞርባቸው ብሮንዚናዎች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ስለዚህ ግፊቱ ሲወርድ ምክንያቱ ከሁለቱ በአንዱ፣ ወይም በሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑ የሚገፋው ዘይት አንሶ ይሆናል፣ አለዚያም ብሮንዚናዎቹ ተበልተው ዘይቱ ያለ ትግል እየፈሰሰ ይሆናል። ቀዩ መብራት ሁለቱን ለይቶ አይናገርም። እንዲያውም መብራቱን የሚያበራው ቡልቦ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሥራዬ እንግዲህ ቡልቦውን ፈትቶ በቦታው ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) መግጠም ነበር። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ ሳነበው በሚኒሞ 0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው)፣ በደቂቃ 3000 ዙር ደግሞ 1.5 ባር ብቻ አሳየ። ለንጽጽር ያህል፣ ደህና የሆነ የላዳ ሞተር ሞቆ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ከ3.5 እስከ 4.5 ባር ድረስ ይሰጣል፤ የዚች መኪና ሞተርም ከዚያ ያነሰ አይጠበቅበትም። ስለዚህ መብራቱ እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ሽቦው ሲነቀል ዝም የተባለው እውነተኛ ምስክር ነበር።

በስፓይደሯ ፓምፑ ከሞተሩ ሥር፣ በኮፓው ውስጥ፣ ዘይት ተነክሮ ነው የሚኖረው። ኮፓውን ለማውረድ የፊት እግሮቹን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት ስለሚከለክል፣ የሞተሩን መቀመጫዎች ፈትቼ ሞተሩን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ኮፓው ሲወርድ ታችኛው ላይ የረጋ ጥቁር ዝቃጭ አገኘሁ፤ ይህ በአሮጌ ሞተር የሚጠበቅ ነው። ያልጠበቅሁት ግን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ የመምጠጫው ወንፊት ሢሶው ያህል በቀይ ሲሊኮን ክሮች ተዘግቷል። ኮፓውን ቀደም ሲል የገጠመው ሰው ሲሊኮኑን ያለ መጠን ቀብቶት፣ ብሎኖቹ ሲጠብቁ የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ እየተበጣጠሰ ወደ ወንፊቱ ሄዷል። ክሮቹን በፒንሳ አንድ በአንድ ስለቅም ጣቴ ላይ የደረቀ ላስቲክ ይመስሉ ነበር። ሁለተኛው ከዚህም የከፋ ነው። የፓምፑን ክዳን ስፈታ በክዳኑና በፓምፑ አካል መካከል ከካርቶን ተቆርጦ የተሠራ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ መድፈኛ) አገኘሁ።

በዚህ ካርቶን ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፈቀድልኝ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነውና። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ሁለት እርስ በርስ የተጣመሩ ጊሮች አሉት፤ አንዱ በዘንግ ይዞራል፣ ሁለተኛው በእርሱ ይነዳል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ባጃጅ እየጠገነ ያደገ፣ እጁ የተባረከ ወጣት ነው፤ ፓምፑን ከፍተን ስናይ «ጋሼ፣ ዘይቱ በሁለቱ ጥርሶች መሐል የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር እኮ» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲሁ ይመስለዋል። ዘይቱ የሚጓዘው ግን በውጭ በኩል ነው፤ በእያንዳንዱ ጥርስና ጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ዘይቱን ተሸክሞ የፓምፑን ግድግዳ እየታከከ ይዞራል፣ መሐል ላይ ጥርሶቹ ሲገጣጠሙ ደግሞ መመለሻ ስለሚያጣ ወደ መውጫው ይገፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጊሮቹ ከግድግዳውና ከክዳኑ ጋር እጅግ ተቀራርበው ሲዞሩ ብቻ ነው። ክዳኑ ከጊሮቹ ፊት ከራቀ፣ የተገፋው ዘይት በዚያው በክዳኑ ሥር ሾልኮ ወደ መምጫው ይመለሳል። ክዳኑ ጓርኒሲዮን የሌለው ተረስቶ አይደለም፤ ክፍተቱን ለመጠበቅ ሆን ተብሎ ብረት በብረት ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነው። ደግሞስ በዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚኖር ፓምፕ ወደ ውጭ ጥቂት ቢያንጠባጥብ የሚያንጠባጥበው እዚያው ኮፓው ውስጥ ነው፤ ካርቶን ቆርጦ የሚያስደፍን ምን ችግር አለ?

ለካሁ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፓምፑ አካል ገጽ ላይ አጋድሜ፣ ፊለር ጌጅ የምንለውን ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያሉትን መለኪያ በማስመሪያውና በጊሮቹ ፊት መካከል ሳስገባ 0.16 ሚሊ ሜትር ሆነ። ካርቶኑ በማይክሮሜትር ሲለካ፣ ተጨምቆም ቢሆን፣ 0.24 ሚሊ ሜትር ነበር። በጠቅላላው ክዳኑ ከጊሮቹ 0.40 ሚሊ ሜትር ርቆ ኖሯል ማለት ነው። የላዳ የጥገና መመሪያ ለራሱ ፓምፕ የሚፈቅደው የመጨረሻ ወሰን 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዕቃው ይቀየር ይላል። በጊሮቹ ዙሪያና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት 0.15፣ የጥርሶቹ እርስ በርስ ጨዋታ 0.18 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለሁለቱም የላዳው ወሰን 0.25 ስለሆነ ከእነርሱ ጋር ጠብ አልነበረኝም።

የ0.40 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለዓይን ምንም አይመስልም። ነገር ግን ዘይት በእንዲህ ያለ ጠባብ ክፍተት ሲሾልክ፣ ግፊቱና የዘይቱ ውፍረት አንድ እስከሆኑ ድረስ፣ የሚሾልከው መጠን የሚያድገው በክፍተቱ ኩብ ልክ ነው። ክፍተቱ 2 እጥፍ ሲሆን የሚሾልከው 8 እጥፍ ይሆናል፤ 5 እጥፍ ሲሆን 125 እጥፍ። እኔ ልደርስበት ያሰብኩት 0.08 ሚሊ ሜትር ነበር፤ 0.40 ማለት የዚያ 5 እጥፍ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ፓምፑም አብሮ ስለሚፈጥን ፍሳሹን በተወሰነ ደረጃ ያካክሳል፤ በሚኒሞ፣ ዘይቱም ሞቆ ሲቀጥን ግን ማካካሻ የለውም። መብራቱ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ብቻ ይበራ የነበረው ለዚህ ነው።

ፓምፑ እንዴት ተበላ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ዘይቱ ከኮፓው ተነሥቶ በወንፊቱ በኩል መጀመሪያ የሚደርሰው ፓምፑ ዘንድ ነው፤ ወደ ፊልትሮው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ፊልትሮው ብሮንዚናዎቹን ይጠብቃል፣ ፓምፑን ግን ከወንፊቱ በቀር የሚጠብቀው የለም። በአቧራማ መንገድ የኖረ፣ ዘይቱም በጊዜው ያልተቀየረለት ሞተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበላው ፓምፑን ነው።

ወደ እድሳቱ ልለፍ። ክዳኑ ላይ ጊሮቹ ያሻሹባቸው ሁለት ክብ ጉድጓዶች ነበሩ፤ ጥፍር ሲሄድባቸው ይይዝ ነበር። እነዚህ በእጅ ለማስተካከል ጥልቅ ስለሆኑ ክዳኑን በአንድ ወርክሾፕ፣ ገጽ በሚያስተካክል የድንጋይ ማሽን ላይ አስላጨሁት። የፓምፑን አካል ግን ለማሽን አልሰጠሁም፤ ከእርሱ የሚነሣው 0.08 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ የጸጉር ዘለላ ውፍረት ያህል ብቻ ስለሆነና አንድ ጊዜ ከበዛ መመለሻ ስለሌለው በእጄ ልሠራው ወሰንኩ። ከመስታወት ቤት ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ገዛሁ፤ መስታወት ከማንኛውም በቀላሉ ከምናገኘው ጠረጴዛ ይልቅ ጠፍጣፋ ነው። በላዩ ላይ ቁጥር 400 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋሁ፣ በነጭ ጋዝ አራስኩት፣ ጊሮቹን አውጥቼ የፓምፑን ገጽ በቀለም አሰመርኩና ወደታች ገልብጬ በ8 ቁጥር ቅርጽ አሸው ጀመር። ከየ20 ዙሩ በኋላ አካሉን ሩብ ዙር አዞረዋለሁ፣ ምክንያቱም የሰው እጅ ሳያውቀው ወደ አንድ ወገን ይጫናልና። ቀለሙ እኩል ሲጠፋ ገጹ እኩል እየተላጨ ነው ማለት ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ከቀረ እጄን አስተካክላለሁ። ከዚያ አጥቤ፣ ጊሮቹን መልሼ፣ በአራት ቦታ ለክቼ እንደገና እጀምራለሁ። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ምሽት ቁጥር 800 ወረቀት ተጠቅሜ ስጨርስ በአራቱም ቦታ የ0.08 ቅጠል በጥቂት መያዝ ገብቶ የ0.09 ቅጠል እምቢ አለ። ልጁ ቅጠሉን ተቀብሎ ራሱ ደጋግሞ ሞከረ፤ የመለኪያው መያዝ በጣቱ ሲሰማው ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ቸል ሊባል የማይገባው እጥበቱ ነው። ከብርጭቆ ወረቀቱ የሚቀር ብናኝ በፓምፑ ውስጥ ከቀረ የጠገኑትን መልሶ ይበላዋል። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውኃና ሳሙና በብሩሽ አጠብኩት፤ እናትየዋ ካመጡልኝ ያረጀ ነጭ ነጠላ ቁራጭ ወስጄም እያንዳንዱን ጎድጓዳ ጠረግኩ። ነጠላው ግራጫ እስከወጣ ድረስ እጥበቱ አላለቀም። አራተኛው ጊዜ ላይ ነጭ እንደሄደ ነጭ ተመለሰ።

የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭም ፈታሁ። ይህ ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ተከፍቶ የተረፈውን ዘይት ወደ ኮፓው የሚመልስ ትንሽ ፒስተንና ሞላ ነው። ፒስተኑ በቆሻሻ ተቧጥሮ ቦታው ላይ ይሰነክል ነበር፤ በዘይት በተነከረ ቀጭን ወረቀት አለሰለስኩት፣ በጣት ሲገፋ ያለ እንቅፋት ሄዶ እስኪመለስ ድረስ። አንዳንድ ባለሙያዎች ከሞላው ሥር ሮንዴላ (ቀጭን የብረት ቀለበት) እየጨመሩ ግፊቱን ከፍ እናደርጋለን ሲሉ እሰማለሁ። ቫልቩ ደህና ሲሆን በሚኒሞ የተዘጋ ነው፤ የተዘጋን በር የበለጠ ማጥበቅ በሚኒሞ አንዳች አይጨምርም፣ በብርድ ጠዋት ግን ፓምፑን፣ ዘንጉንና ፊልትሮውን ያለ አግባብ ያስጨንቃል።

የብሮንዚናዎቹንም ነገር አልተውኩትም፤ ፓምፑን ብቻ አይቶ መፍረድም ያው ሳይለኩ መፍረድ ነው። የአንድ ዋና ብሮንዚናንና የሁለት ቤላዎችን (ፒስተኖቹን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኙ ዘንጎችን) ክዳን ፈትቼ አየሁ፣ ለካሁም። መበላት ነበረባቸው፣ ከሥራቸው ያለው ቀይ መዳብ ግን አልወጣም፤ ክፍተታቸውም ገና በወሰኑ ውስጥ ነበር። ሬክቲፊካ ይግባ የተባለው ሞተር ሬክቲፊካ አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው።

በገጠማ ጊዜ ሁለት ነገር ላሳስብ። አዲስም ይሁን የታደሰ ፓምፕ ደረቅ ሆኖ መገጠም የለበትም፤ ደረቅ ጊር አየር ይስባል እንጂ ዘይት መሳብ ያቅተዋል። እኔ የጊሮቹን ጎድጓዳ በቫዝሊን ሞላሁት። ቫዝሊን ዘይቱ ሲሞቅ ይቀልጥና ይቀላቀላል፤ ግራሶ ግን ቀጭን መንገዶችን ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ ካንዴላዎቹን በሙሉ ፈትቼ፣ ሞተሩ ሳይነሣ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ብቻ አዞርኩት፤ የማኖሜትሩ ቀስት ከዜሮ እስኪነሣ ድረስ ካንዴላ አልገጠምኩም። ሁለተኛው ቺንጋውን የሚመለከት ነው። በላዳ ሞተር ፓምፑን የሚያዞረውን ረዳት ዘንግ የሚነዳው ሰንሰለት ሲሆን በስፓይደሯ ግን ካምሻፍቶቹን የሚነዳው ያው ባለጥርስ ቺንጋ ነው። አሮጌ ቺንጋ ቢበጠስ የዘይቱም ነገር በዚያው ያበቃል። ስለዚህ እጄ እስከገባ ድረስ ቺንጋውንም በአዲስ ተካሁት።

ሞተሩ ሲነሣ የቆየሁት በማኖሜትሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነው። ከሞቀ በኋላም አላመንኩትም፤ ሸራውን አጥፈን፣ ልጁ ማኖሜትሩን በእጁ ይዞ፣ በ2016 ዓ.ም. ለአገልግሎት በበቃው፣ 380 ሜትር ርዝመት ባለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ወደ ቤዛዊት አቀበት ወጣን። በአቀበቱ በ3000 ዙር 4 ባር ያዘ። አናት ላይ ሆነን ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከላይ እያየን ሞተሩን በሚኒሞ አቆምነው፤ ዘይቱ በደንብ ግሏል፣ ቀስቱ 1.2 ባር ላይ ረግቶ ቆመ። ተመልሰን የቡልቦውን ሽቦ በቦታው ገጠምኩ። መኪናዋን ሳስረክብ እናትየዋ ምንም አልተናገሩም፤ መሪውን በእጃቸው ዳስሰው ቆሙና «እንዲህ ነበር የምትሰማው» አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ እመጣለሁ። ለእንዲህ ያለው ችግር በጋራዦቻችን የሚሰጡት መድኃኒቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ሕመሙን ይሸፍናሉ እንጂ አያድኑም። ወፍራም ዘይት ማኖሜትሩን ያስደስተዋል፣ ነገር ግን በጥር ማለዳ ብርድ ወደ ላይኞቹ ካምሻፍቶች ለመድረስ ይዘገያል፤ ሞተር ከሁሉ ይልቅ የሚበላው ደግሞ ገና ሲነሣ ነው። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) 140 ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር ቀላቅሎ የሚሞላ ሰውም በዓይኔ አይቻለሁ። የመብራቱን ሽቦ መንቀል በሽተኛው እንዳይጮህ አፉን መያዝ ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም። ሦስተኛው «የላዳ ፓምፕ አምጥተን እንግጠምበት» የሚለው ነው። ዝምድናቸውን ከላይ ተናግሬያለሁ፤ የላዳው ሞተር ባለ አንድ ካምሻፍት፣ የስፓይደሯ ባለ ሁለት ነው፣ ዘራቸው አንድ ቢሆንም ሞተሮቹ ተለይተው አድገዋል፤ ዘንጉንና መግጠሚያውን ሳይለኩ በዝምድና ብቻ መግጠም ሞተሩን አደጋ ላይ መጣል ነው። ከውጭ የሚመጣ አዲስ ፓምፕ የሚያገኝ ሰው ቢኖር እንኳ ከመግጠሙ በፊት ክዳኑን ከፍቶ እንዲለካው እመክራለሁ፤ አዲስነቱ ክፍተቱ ልክ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

በከተማችን ያሉ የጋራዥ ባለቤቶች አንድ ማኖሜትርና አንድ ፊለር ጌጅ በመሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ እንዲያኖሩ፣ የዘይት መብራት በርቶ ለመጣ መኪና ሁሉ መጀመሪያ ግፊቱን ለክተው ቁጥሩን ለባለንብረቱ ጽፈው እንዲሰጡ እለምናለሁ። ባለንብረቶችም «ስንት ባር አነበባችሁ? ሞቆ ነው ወይስ ቀዝቅዞ? በሚኒሞ ነው ወይስ በዙር?» ብለው ከመጠየቅ እንዳያፍሩ። መልስ የሌለው ባለሙያ ገና አልመረመረም ማለት ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋሞቻችንን የሚመሩ ሰዎችን ደግሞ የምጠይቀው፣ ተማሪዎች ፓምፕ ፈትተው መግጠም ብቻ ሳይሆን የፈቱትን ለክተው፣ ቁጥሩን መዝግበው፣ በቁጥሩ ላይ ተመሥርተው እንዲፈርዱ እንዲያስተምሯቸው ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ለዓመታት ሞተር ሲፈታ ኖሮ ፊለር ጌጅ የያዘው ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ጋራዥ ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፣ ያስያዘው ሰው ስላልነበረ ነው።

ያንን የካርቶን ጓርኒሲዮን አልጣልኩትም፤ ከመስታወቱ ቁራጭና ልኬቶቹን ከመዘገብንበት ደብተር ጋር በጋራዤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሊያይ ወይም ሥራውን ሊማር የሚፈልግ ባለሙያ ቢኖር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሬ ክፍት ነው፤ አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍላችሁ ማግኘት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባሕር ዳር ጡረተኛ መካኒክ